በሰው የጸሎት ቤት እንግዳ ስንሆን

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ በህንድ አገር ስለሚገኙት የኤሎራ የዓለት ቤተ መቅደሶች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙት ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል የሰጠኝን የማኅበራችንን ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው የጠየቀኝ ወደ ህንድ አገር በሄድሁበት ጊዜ ስለጎበኘሁት፣ ከዓለት ስለተፈለፈለው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ጥቂት እንድናገር ነው። ከጉዞው ከተመለስሁ ወዲህ በየቤቱ ቡና ላይ ስቀመጥ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ስለ ዓለቱ አይደለም። ጥያቄው፣ «ልጄ፣ ጣዖት ቤት ገባህ አሉ፤ እውነት ነው?» የሚል ነው። አንዳንዱ በቀልድ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ ተጨንቆልኝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። ዛሬ ከመካከላችን ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለንግድ ወደ ህንድ የሚሄደው ሰው ጥቂት አይደለም። እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን እንዲህ ካለ በር ላይ መቆሙ አይቀርም። ይግባ? አይግባ? ከገባስ ምን ያድርግ? የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ የሚመለከት ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዎን፣ ገብቻለሁ። የገባሁት ለማየት እንጂ ለማምለክ አይደለም። ሰው የሌላውን የጸሎት ቤት ሊያይ ሲገባ የራሱን እምነት በር ላይ ጥሎ አይገባም፤ በር ላይ የሚጥለው ጫማውንና ንቀቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ደግሞ ያየሁትን በማስረዳት ልግለጽ።

ቦታው የት ነው?

ኤሎራ በምዕራብ ህንድ፣ ማሃራሽትራ በተባለው ክፍለ ሀገር ይገኛል። ከሙምባይ፣ ማለትም አባቶቻችን ቦምቤይ ከሚሏት ከተማ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አውራንጋባድ የሚባል ከተማ አለ። ይህ ከተማ በ2023 በአዋጅ ስሙ ተለውጦ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል፤ ሰዉ ግን አሁንም በሁለቱም ስም ይጠራዋል። ከዚያ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ኤሎራ ይደረሳል። በዚህ ንግግር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ የምታዩት 2 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የጥቁር ድንጋይ ገደል ነው። በዚህ ገደል ግንባር ላይ ቁጥር የተሰጣቸው 34 ዋሻዎች አሉ። እንግዲህ ዋሻ ስላችሁ የጅብ ዋሻ እንዳይመስላችሁ! ተፈጥሮ የሠራው አንድም የለም። ሁሉም በሰው እጅ፣ በመሮና በመዶሻ የተፈለፈሉ አዳራሾች፣ ማደሪያ ክፍሎችና ቤተ መቅደሶች ናቸው። ሥራው በግምት ከ600 እስከ 1000 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ ውስጥ የተከናወነ ነው። ዩኔስኮ ኤሎራን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1983 ሲሆን፣ የእኛው ላሊበላ ከእርሱ 5 ዓመት ቀድሞ በ1978 ተመዝግቧል።

ከላይ ወደ ታች የተሠራው ቤት

ከ34ቱ ውስጥ ጎብኚው ሁሉ የሚጎርፍበት 16ኛው ነው። ስሙ ካይላሳ ይባላል። ካይላሳ ሂንዱዎች ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ይኖርበታል ብለው የሚያምኑበት፣ በቲቤት የሚገኝ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። ቤተ መቅደሱም የዚያ ተራራ ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲያውም ድሮ በረዶ እንዲመስል በነጭ ልስን ተለስኖ ነበር ይባላል፤ የልስኑ ርዝራዥ ዛሬም እዚህም እዚያም ይታያል።

ከውጭ ሲታይ ባለ ሁለት ደርብ በር ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ግን ጣራ ያለው ዋሻ ሳይሆን ሰማይ የሚታይበት ሰፊ ግቢ ይጠብቃችኋል። የግቢው ርዝመት 80 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 ሜትር በላይ ነው። ከበስተ ኋላ ያለው የገደል ግድግዳ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። በመካከሉ ቤተ መቅደሱ ቆሟል። ግራና ቀኙን እውነተኛ ዝሆን የሚያህሉ ሁለት የድንጋይ ዝሆኖችና ወደ 15 ሜትር የሚጠጉ ሁለት ዓምዶች ይታያሉ። የቤተ መቅደሱን መሠረት ዙሪያውን ዝሆኖች ተሰልፈው በጀርባቸው የተሸከሙት ይመስላል። አንዳንዶቹ ኩምቢያቸው ተሰብሯል።

ታዲያ ይህ ሁሉ፣ ቤተ መቅደሱም ዓምዱም ዝሆኑም፣ አንድ ድንጋይ ነው። ተቆርጦ መጥቶ የተገነባ የለበትም። ጠራቢዎቹ ገደሉ አናት ላይ ወጥተው በሦስት በኩል ወደ ታች ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ፤ በመካከል የቀረውን ግዙፍ ዓለት ከጣራው ጀምረው ወደ መሠረቱ እየወረዱ ጠረቡት። በዚህ ዘዴ ለመቆሚያ የሚሆን የእንጨት ርብራብ አያስፈልግም፤ ገና ያልተጠረበው ዓለት ራሱ መቆሚያ ነውና። ላሊበላን የተሳለሙ ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው። ካይላሳ ግን ከላሊበላ 400 ዓመት ያህል ይቀድማል። አንዱ ከሌላው ተማረ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ሁለት ሕዝብ በየአገሩ ከዓለት ጋር ታግሎ ወደ አንድ ዓይነት ብልሃት ደርሷል ማለቱ ይበቃል።

ከመካከላችን ግንበኞች አላችሁ። ግንበኛ ድንጋዩ ቢጣመምበት አውጥቶ ሌላ ይተካል። ከዓለት የሚጠርብ ሰው ግን የሚተካው የለውም። የዝሆኑ ጆሮ ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ከዚህ ግቢ ተጠርቦ የወጣው ድንጋይ ከ200,000 ቶን በላይ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። 10 ቶን በሚጭን ገልባጭ መኪና ብናሰላው 20,000 ምልልስ ይወጣዋል። ያን ሁሉ ያወጣው የሰው ክንድ ነው። በግድግዳው ላይ የመሮው ጭረት ዛሬም ይታያል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ትናንት የተሠራ ይመስላል።

ሊቃውንቱ ሥራውን በአብዛኛው የሚሰጡት በ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለነገሠው፣ የራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለነበረው ለቀዳማዊ ክሪሽና ነው። የአገሬው ሰው ግን ጥሩ ተረት አለው። ንጉሡ ታሞ ሳለ ንግሥቲቱ፣ ባሌ ቢድንልኝ ቤተ መቅደስ አሠራለሁ፤ የቤተ መቅደሱንም ጉልላት እስካይ ድረስ እህል አልቀምስም ብላ ተሳለች። ንጉሡም ዳነ። ቤት ከመሠረት ተጀምሮ ጉልላቱ እስኪደርስ ግን ንግሥቲቱ በረሃብ ልታልቅ ነው። ብልሃተኞቹ ሁሉ ሲጨነቁ ኮካሳ የሚባል ባለሙያ መጥቶ፣ «በሳምንት ውስጥ ጉልላቱን ያዩታል» አለ። ገደሉ አናት ላይ ወጣና ከጉልላቱ ጀመረ። በሳምንቱ ንግሥቲቱ አየች፣ ጾሟንም ፈታች። ተረት ተረት ነው፤ ቢሆንም ቤቱ ከላይ ለምን እንደ ተጀመረ ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚያስረዳ ተረት ነው።

ከተረቱ ይልቅ እኔን የነካኝ ግን አንድ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። በ812 ዓመተ ምሕረት ግድም በተጻፈ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ስለዚህ ቤተ መቅደስ ተወስቷል። ሰሌዳው ከሚለው ዋናው ነገር፣ የሠራው ሊቅ ራሱ ሥራውን ካየ በኋላ ይህን እንዴት አድርጌ እንደ ሠራሁት እንጃ ብሎ መደነቁ ነው። ንጉሥ ሲፎክር ብዙ ሰምተናል። ሠራተኛ በገዛ እጁ ሥራ ሲደነቅ ተጽፎ ማግኘት ግን ብርቅ ነው።

ከውስጥ ምን አለ?

ደረጃውን ወጥታችሁ ጫማችሁን ታወልቁና 16 ዓምዶች ያሉት አዳራሽ ውስጥ ትገባላችሁ። ከፀሐይ ሲገባ ዓይን ይጨልማል፤ ጥቂት ቆም ማለት ነው። ከአዳራሹ ወዲያ ጠባብ ጨለማ ክፍል አለ። በውስጡ ሊንጋ የሚባለው፣ አናቱ ክብ የሆነ አጭር የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ለሂንዱዎች የሺቫ ምልክት ነው። ከፊት ለፊት፣ በተለየ ቤት ውስጥ፣ የሺቫ በሬ የሆነው ናንዲ ተንበርክኮ ወደዚያው ይመለከታል። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ቅድስትና መቅደስ ለሚያውቅ፣ ወደ ውስጥ በገቡ መጠን ቤቱ እየጠበበ፣ እየጨለመ፣ እየከበደ መሄዱ የሚገባው ነገር ነው።

በውጭው ግድግዳ በደቡብ በኩል ካለው ሥዕል አንዱን ልንገራችሁ። ራቫና የሚባለው ባለ አሥር ራስና ባለ ሃያ ክንድ ንጉሥ ከተራራው ሥር ገብቶ ካይላሳን ከነመሠረቱ ሊነቅለው ይታገላል። ከላይ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ደንግጣ የባሏን ክንድ ትይዛለች፤ አንዲት ደንገጡር ሮጣ ስታመልጥ ትታያለች። ሺቫ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሣ በእግሩ ጣት ተራራውን ጫን ያደርገዋል፤ ራቫናም ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ጉልበተኛ ሁሉ የሚገጥመው እንዲህ ነው የሚል ምሳሌ ነው። በዚህ ታሪክ አላምንም፤ ትርጉሙ ግን ከእኔ አልተሰወረም። በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ ራማያናና ማሃባራታ የሚባሉት ሁለቱ ታላላቅ ታሪኮቻቸው በተርታ ተቀርጸዋል። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ መጽሐፉ ግድግዳው ነበር፤ በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራው ይኸው አይደል?

ሦስት እምነት በአንድ ገደል

አሁን ደግሞ ለሠፈራችን ይጠቅማል ወደምለው ነገር ልለፍ። ከ34ቱ ዋሻዎች ከ1 እስከ 12 ያሉት የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው። ከ13 እስከ 29 ያሉት የሂንዱዎች፣ ከ30 እስከ 34 ያሉት ደግሞ ጄይን የሚባሉት፣ ነፍስ ያለው ነገር ላለመጉዳት እጅግ የሚጠነቀቁት ሰዎች ናቸው። ሦስት እምነት፣ አንድ ገደል! በዘመኑ ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው አልተዋጉም ማለቴ አይደለም፤ የዚያ አገር ታሪክም እንደ ሌላው ታሪክ ጦርነት የሞላበት ነው። በገደሉ ላይ ግን ኋላ የመጣው ጠራቢ የፊተኛውን ሥራ ንዶ በቦታው ላይ አልሠራም፤ ጎኑ ባለው ባዶ ዓለት ላይ የራሱን ጀመረ። የዕቃ መያዣው አንድ፣ ሙያው አንድ፣ ድንጋዩም አንድ ነው። በ10ኛው ዋሻ፣ በቡድሃዎቹ ቤት፣ ጣራው የእንጨት ወራጅ እስኪመስል ድረስ ድንጋዩ ተጠርቧል፤ የአገሬው ሰውም የአናጢው ቤት ይለዋል። በእንጨት ሥራ የተካነ እጅ ወደ ድንጋይ ሲሻገር ልማዱን ይዞ ተሻገረ።

ይህን ስመለከት የራሳችን ዕድር ትዝ አለኝ። በድንኳናችን ውስጥ የክርስቲያኑና የእስላሙ ወጥ በየብቻው ይሠራል፤ ለቅሶው ግን አንድ ነው። ማንም፣ ወጣችሁን ካልቀላቀላችሁ ጎረቤት አይደላችሁም አላለንም። የኤሎራም ነገር እንዲሁ ነው። በየቤቱ የሚጸለየው ተለያይቷል፤ ጉርብትናው ግን ጸንቷል።

የእንግዳ ሥርዓት

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሰው እንግዳ ሆኖ ሲገባ ምን ያድርግ? ካይላሳ ዛሬ በህንድ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ሐውልት ነው። ቢሆንም አበባ ይዞ መጥቶ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሂንዱ አይጠፋም። ለአንተ ሐውልት የሆነው ለእርሱ የጸሎት ቤት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ግሪሽኔሽዋር የሚባል ዛሬም አገልግሎት የሚሰጥ ታላቅ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚገባ ወንድ ከወገቡ በላይ ልብሱን ማውለቅ ግዴታው ነው። ያን የማይፈልግ ሰው ከውጭ ቆሞ ያያል፤ ማንም አይከፋበትም። ሥርዓቱን አልወድም ብሎ በር ላይ መከራከር ግን የእንግዳ ጠባይ አይደለም።

ለማስታወስ እንዲመች በተራ ልዘርዝራቸው።

1ኛ፣ ጫማ ውለቁ በተባላችሁበት ሁሉ ሳታጉረመርሙ አውልቁ። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ።

2ኛ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። እናቶቻችን ነጠላ ከያዙ ምንም አይቸገሩም።

3ኛ፣ ቤተ መቅደሱን ስትዞሩ በቀኝ እጃችሁ በኩል አድርጋችሁ ዙሩ፤ የእነርሱ ልማድ ነው። በግራ ብትዞሩ ከሚሳለመው ሰው ጋር ትጋጫላችሁ።

4ኛ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ፎቶግራፍም ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

5ኛ፣ ቄሳቸው የተባረከ ምግብ ቢሰጣችሁ ወይም ግንባራችሁን ቀለም ሊቀባ ቢመጣ፣ እምነታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ሁለት እጃችሁን አጋጥማችሁ ራስን ዝቅ በማድረግ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው እምቢታ አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ተቀብሎ መንገድ ላይ መጣል ነው።

6ኛ፣ በጣዖቱ አትሳቁ። ባለ ዝሆን ራሱን ጋኔሻን አይቶ የሚያሽካካ እንግዳ አጋጥሞኛል። ሰው በእኛ ጽላት ወይም በእኛ ቁርኣን ቢስቅብን ምን እንደሚሰማን መገመት አያቅትም።

7ኛ፣ ቅርጹን በእጅ አትንኩ፣ አትደገፉት፣ አትቀመጡበት። የሰው እጅ ቅባትና ላብ ድንጋዩን ያጠቁረዋል። ናንዲን ብዙ ሰው የዳሰሰበትን ቦታ አይቶ መፍረድ ይቻላል። ስማቸውን በምስማር ጭረው የሄዱ ጎብኚዎችም አሉ። ሺህ ዓመት በቆየ ሥራ ላይ የአንድ ደቂቃ ስም!

8ኛ፣ የጥንት ነው እያሉ ስባሪ ቅርጽ የሚሸጡላችሁ ሰዎች ቢመጡ አትግዙ። የህንድ የ1972 ሕግ የጥንት ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሐሰተኛ ከሆነ ተታላችኋል፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ሰርቃችኋል።

ስለ ጉዞውም አጠር አድርጌ ልናገር። ኤሎራ ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው። ለጉብኝት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የእነርሱም ክረምት ነው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ነገር ግን በ29ኛው ዋሻ አጠገብ ፏፏቴው የሚያምረው ያን ጊዜ ነው። የካይላሳ ፊት ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የሚያርፍበት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሌሎቹን ማየት፣ ከሰዓት ወደ 16ኛው መምጣት ይመከራል። ውኃና የእጅ ባትሪ ያዙ። ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትዙሩ፣ ዝንጀሮዎቹ ይነጥቋችኋል።

ወደ ኤሎራ ለመሄድ ጊዜ የሌለው፣ ለሕክምና ሙምባይ የከረመ ሰው ደግሞ ኤሌፋንታ የሚባለውን ደሴት ማየት ይችላል። ከሙምባይ ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። እዚያም በዓለት ውስጥ የተፈለፈለ የሺቫ ቤተ መቅደስና 6 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ባለ ሦስት ፊት ሐውልት ይገኛል። እርሱ የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ኤሎራ አጠገብ የተቀበረው ሐበሻ

አስጎብኚያችን ጎልማሳ ሰው ነበር። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ ስለው፣ «እንግዲያው ሐበሺ ነህ፤ የማሊክ አምባር አገር ሰው!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ስሙን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ይህ ሁሉ ፍቅር በአገሬው ልብ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ ግን አልገመትሁም።

ማሊክ አምባር በ1548 ግድም በአገራችን የተወለደ ሰው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የልጅነት ስሙን ቻፑ ይሉታል። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በየመን በኩል ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ህንድ ተወሰደ። በአህመድናጋር መንግሥት ገዝቶ የወሰደው ሹም ራሱ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣና ወታደር ሆነ። በ1600 ሞጎሎቹ የአህመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ፣ አምባር ከዚያው ቤት አንድ ልዑል አንግሦ እርሱ እንደራሴ በመሆን አገሩን ይመራ ጀመር። ከሞጎሎቹ ነገሥታት ከአክባርና ከጃሃንጊር ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ተዋጋ። በሠራዊቱ ውስጥ ሐበሾችም፣ የአገሬው የማራታ ፈረሰኞችም ነበሩ። እርሱ እስላም፣ ፈረሰኞቹ ሂንዱዎች።

በ1610 ከድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ። ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ይህችው ናት፤ እኔ አልጋ ይዤ ያደርሁባት ከተማ ማለት ነው! ለከተማዋም ከሩቅ ኮረብታ ከመሬት በታች በቦይና በሸክላ ቱቦ ውኃ አስገባ። የውኃ መስመሩ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። በ1626 በ80 ዓመት ዕድሜው ግድም ሲሞት የተቀበረው ከኤሎራ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በኩልዳባድ ነው። መቃብሩ ሳይፈርስ ቆሟል። ከካይላሳ ተነሥቼ እዚያው ሄጄ ጸጥ ብዬ ቆምሁ። ክርስቲያን ነኝ፤ ከሂንዱ ቤተ መቅደስ ወጥቼ እስላም ወንድሜ መቃብር ላይ ቆሜአለሁ። ከእምነቴ አንዳች አልጎደለም።

ይህን የማወራችሁ ለኩራት ብቻ አይደለም። ያ ሰው ወደ ህንድ የሄደው ወዶ አልነበረም፤ በገመድ ታስሮ ነው። ሆኖም የሰው አገር ሰዎች ዛሬ በበጎ የሚያስታውሱት ባቆመላቸው ከተማና ባስገባላቸው ውኃ ነው። እንግዳ ሲሄድ የሚቀረው ሥራው ነው፤ በዓምድ ላይ የጫረው ስሙ አይደለም።

ይዘን የምንመለሰው

አስጎብኚው ሲሰናበተኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እናንተም አገር ከዓለት የተፈለፈሉ ቤቶች አሉ ይባላል። ሰዉ እንዴት ይጠብቃቸዋል?» አለኝ። 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለዝናሙ መከላከያ በ2008 የተተከለውን መጠለያ፣ ካህናቱ በየቀኑ ቅዳሴ የሚቀድሱበት ሕያው ቤት መሆኑን ነገርሁት። እርሱም፣ «የእናንተ ይበልጣል፤ ሰው ይኖርበታል» አለኝ።

ይህ ቃል ዕዳ ነው የሚመስለኝ። ሰው የሚኖርበትን ቤት የሚጠብቀው ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ነዋሪው ነው። ለበዓል ወደ ላሊበላ የሚወርዱት ልጆቻችን ከግድግዳው ላይ አፈር ፍቀው እንዳይመጡ፣ ስማቸውን እንዳይጭሩ የምንነግራቸው እኛ ነን። የሌላ አገር ጎብኚ በደጃፋችን ቆሞ ጫማውን እንዴት እንደሚያወልቅ ሳያውቅ ሲደናገር፣ ሳንስቅበት የምናሳየውም እኛ ነን። ከሌሎች የምንጠብቀውን አክብሮት ለሌሎች አስቀድመን መስጠት አለብን።

ስለዚህ፣ «ጣዖት ቤት ገባህ አሉ» ለምትሉኝ ወዳጆቼ መልሴ ይኸው ነው። ገብቻለሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ እጄን ሰብስቤ፣ ጎረቤቴ ቤት እንደምገባው ሆኜ ገብቻለሁ። ነገ ወደ ህንድ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ስንቁን ስትሰንቁለት ይህንንም ሥርዓት ጨምራችሁ ሰንቁለት። እንዳይገባ ከምትከለክሉት እንዴት እንደሚገባ ብታስተምሩት ይሻላል።